«ጀንትልማን» የሚያሞግሰው ምግባርን ነው ወይስ ዘርን?

አወያይ፦ አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ለእናቶች ቦታ ሲለቅ «ጀንትልማን ነው» እንላለን። ቃሉ ግን ከየት መጣ? የሚያሞግሰውስ ምኑን ነው? እስቲ ተከራከሩ።

የታሪክ መምህር፦ ዘሩን ነዋ! ሥሩ «ጌንስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ጎሳ ማለት ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ «ጀንቲል» ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው ሆነ። እንግሊዞችም ይህንኑ ወሰዱ። በ1381 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲያምፁ ቄስ ጆን ቦል «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ጀንትልማኑ ያኔ ማን ነበር?» ብሎ ሰበከ። ስለ ትሕትና አልነበረም ጥያቄው። እጁ አካፋ ነክቶ የማያውቀውን ጌታ ነው የሞገተው።

የሸገር ልጅ፦ መምህር፣ በዚያው መቶ ዘመን እኮ ባለቅኔው ቾሰር ጀንትልነት ከአያት አይወረስም፣ በሥራ ነው የሚገኘው ብሏል። ክርክሩ ያኔም ነበር። እርስዎ አንዱን ወገን ብቻ አመጡ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ካርዲናል ኒውማን ጀንትልማንን ሲገልጽ ሰውን የማያሳምም ነው አለ። ስለ ትውልድ ምንም አላነሳም።

የለንደን ነዋሪ፦ ጸሐፊዎቹ ያሻቸውን ይበሉ፤ ኑሮው ሌላ ነበር። ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች የዱላና የኳስ ጨዋታ ተመልከቱ። በ1806 የተጀመረ «ጀንትልመን» እና «ፕሌየርስ» የሚባሉ ቡድኖች ግጥሚያ እስከ 1962 ዘልቋል። ጀንትልመኖቹ ለደመወዝ አንጫወትም የሚሉ የደህና ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፕሌየርስ ተከፋዮቹ ናቸው። መልበሻ ክፍላቸው ይለያያል። ተጫዋቾች በተዘረዘሩበት ወረቀት ላይ እንኳ የጀንትልማኑ የስም ምህጻር ከቤተሰብ ስሙ ይቀድማል፣ የተከፋዩ ይከተላል። ደብሊው ጂ ግሬስ የሚባለው ዝነኛ ደግሞ ከተከፋዮቹ በላይ ገንዘብ እያገኘ ጀንትልማን ተብሎ ኖሯል። ይሄ የቱ ምግባር ነው?

እቴ ሜቴ፦ እኛስ ጋ? «የጨዋ ልጅ ናት ወይ?» ተብሎ ለጋብቻ ሲጠየቅ ጠባይ ብቻ አልነበረም የሚጣራው። ሸማኔውና ቀጥቃጩ የቱንም ያህል ምግባረ መልካም ቢሆን ልጁን ጨዋ ነኝ ባይ አያገባትም ነበር። ይሄ ነገር ያመኛል። ዛሬም በሹክሹክታ የሚጠይቅ አለ።

የሸገር ልጅ፦ እቴ፣ ልክ ነሽ፤ እኔንም ያመኛል። ግን ቃሉን ለእነሱ አንተውላቸውም። ከ1963 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም ክሪኬት ተጫዋች እኩል ተጠርቷል። ጀንትልማን የሚለው ሙገሳ ግን አብሮ አልተሻረም፤ ዛሬ የአውቶቡስ ሾፌርም ይባልበታል።

የታሪክ መምህር፦ ይባልበታል። ልዩነቱን የሻረው ግን ቃሉ አይደለም ወንድሜ፤ ደንቡ ነው የተለወጠው።