ደንበኛው «መቼ ያልቃል?» ሲል ምን እንበለው?

ጦሳ፦
ሰላም ጀመዓ። ደሴ ላይ አምስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። አሁን የያዝነው ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጨርቅ አከፋፋይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ነው። ስፕሪንታችን (አንዱ የሥራ ዙር) ሁለት ሳምንት ነው። ቬሎሲቲያችን (በአንድ ስፕሪንት የምንጨርሰው ሥራ በነጥብ ሲለካ) ግን አንዴ 34፣ አንዴ 15፣ ደግሞ 28 ይመጣል። ደንበኛው «ቀኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሠራተኞቹን መቼ እንደሚያሠለጥን ማወቅ አለበት። ለየሥራው ስቶሪ ፖይንት (የክብደቱን ግምት ነጥብ) ስንሰጥ ረዘም ያለ ጊዜ ብንወስድ ይሻላል?

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ። ፖይንቱ ላይ ብትከራከሩ ብታድሩ ለውጥ አታዩም። ሰው እያመሸ ሲሠራ «ግምታችሁ ደካማ ነው» ሲባል እኔን ያናድደኛል። እስኪ ቦርዳችሁን (ሥራዎቹ የተዘረዘሩበትን ሰሌዳ) ክፈት። ተጀምሮ ያላለቀ ስንት ቲኬት (ለብቻው የተመዘገበ ሥራ) አለ? አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀመር አለ፦ በእጅ ያለውን ሥራ በሳምንት ለሚያልቀው ስታካፍል፣ አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ታገኛለህ። 12 ይዛችሁ በሳምንት 4 ከጨረሳችሁ፣ አንዱ ቲኬት 3 ሳምንት ይቆያል። ስፕሪንቱ ደግሞ 2 ሳምንት ነው! ስለዚህ ብዙው ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። 15 የመጣው ያኔ ነው፤ የተሻገረው ሲዘጋ ደግሞ 34 ይሆናል። 6 ብቻ ብትይዙ፣ በዚያው ፍጥነት፣ አንድ ሳምንት ተኩል ይበቃዋል።

ሰኞ ገበያ፦
ለደንበኛው አንድ ቀን አትስጡ። 40 ቲኬት ከቀረና በደካማ ሳምንት 3፣ በጥሩ ሳምንት 5 የምትዘጉ ከሆነ «ከ8 እስከ 14 ሳምንት» በሉት። በየስፕሪንቱ እንደገና አስሉለት። ለመብራት መጥፋት ሌላ ቀን አትጨምሩ፤ ያለፉት ሳምንታት ቁጥር ውስጥ አለ። ስክረም ጋይድም (በስፕሪንት የመሥራት ዘዴው መመሪያ) እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስፕሪንቱን ሥራ ትንበያ ነው የሚለው፣ ቃል ኪዳን አይለውም።

ጦሳ፦
አየሁት፤ 11 ተከፍቷል። ግማሹ ደንበኛው አይቶ እስኪያጸድቅ የቆመ ነው። ኮምቦልቻ ወርደን ስለምናሳየው እናጠራቅመዋለን። እሱም ይቆጠራል?

ቦርከና፦
በደንብ ነዋ! ዋናው ማነቆ እሱ ይመስለኛል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ቁረጡ፣ ሐሙስ በሉት። ሁለትም ቲኬት ይሁን ሦስት፣ የደረሰውን ይዛችሁ በሐረጎ መንገድ ኮምቦልቻ ውረዱ። ደንበኛውም ያን ቀን ሰው እንዲመድብ ንገሩት፤ የሠራተኞቹ ሥልጠና የሚዘገየው እሱ ሳያይ ሲቀርም ነው። አንዱ ሳይዘጋ ሌላ አትክፈቱ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው የጓደኛውን ቲኬት ያግዝ።

ጦሳ፦
ሐሙስ ለሱም ይመቸዋል፤ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።