ሲንሲቲን 1፦ ኢንዛይም ያልገባበት ቱቦም ምልክት እየሰጠ ነው፣ ድረሱልኝ!

ጠያቂዋ፦ ነገ ጠዋት ውጤት አቀርባለሁ። የሲንሲቲን 1 (የእንግዴ ልጅ ጂን ነው) አርኤንኤ በኪውፒሲአር (ዲኤንኤን በየዑደቱ እያባዛ በሚለካው ዘዴ) በ23ኛው ዑደት ወጣ፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልጨመርኩበት መቆጣጠሪያ ደግሞ በ24ኛው! ፕራይመር (ማባዛቱን የሚያስጀምረውን አጭር ቁራጭ) ሁለቴ ቀየርኩ፣ ያው ነው። የውሃው ቱቦ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ብክለት አይደለም።

ፒፔት፦ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚያጠፋውን ኢንዛይም) አድርጊበት።

ጂን ቆጣሪ፦ መጀመሪያ የምትለኪው ነገር ይታወቅ። ከጂኖማችን 8 በመቶ ያህሉ የጥንት ሬትሮቫይረሶች ቅሪት ነው። ከነሱ ሄርቭ ደብልዩ የሚባለው ቤተሰብ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች አሉት። ሲንሲቲን 1ን የሚሠራው ግን 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ የእንግዴ ልጅ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያዋህደው ፕሮቲን። ሌሎቹ አብዛኞቹ የተበላሹ ቢሆኑም ፕራይመርሽ ሊይዛቸው ይችላል።

ክሮሞዞም 7፦ "ብክለት አይደለም" ያልሽው አያስኬድም፣ እህቴ። የውሃው ቱቦ ስለ ውሃሽና ስለ ፕራይመርሽ እንጂ ስለ አርኤንኤሽ አይመሰክርም። ምልክቱ በየዑደቱ እጥፍ ስለሚሆን የ1 ዑደት ልዩነት ማለት ከምልክትሽ ግማሽ ያህሉ ከዲኤንኤ የመጣ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር!

ጠያቂዋ፦ አርኤንኤውን ሳወጣ ኮለሙ (ማጣሪያው) ላይ ዲኤንኤዝ አድርጌያለሁ እኮ።

ሠናይት ላብ፦ እኔም ዲኤንኤዝ ነው የምለው፣ አሁን ግን ቱቦ ውስጥ ድገሚው። ቅጂው ብዙ ስለሆነ ከኮለሙ ያመለጠች ትንሽ ዲኤንኤም ትታያለች። ለ1 ማይክሮግራም አርኤንኤ 1 ዩኒት፣ በ10 ማይክሮሊትር፣ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ከዚያ 1 ማይክሮሊትር 50 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ማግኒዥየም የሚይዝ ኬሚካል) ጨምረሽ 65 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ። ያለ ኢዲቲኤ እንዳታሞቂው፤ ማግኒዥየሙ አርኤንኤውን ይቆራርጠዋል። መቆጣጠሪያው ከናሙናው ቢያንስ 7 ዑደት ከዘገየ የዲኤንኤው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ አቅርቢው።

ፒፔት፦ ዲኤንኤዝ አልኩ እኮ ከመጀመሪያው።

ክሮሞዞም 7፦ ለሚቀጥለው ፕራይመርሽን ቀይሪ። ሁለቱም ኢንቭ ጂን (ፕሮቲኑን የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ካረፉ መካከላቸው ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ስለሌለ የዲኤንኤውና የሲዲኤንኤው (ከአርኤንኤው የተገለበጠው) ቁራጭ እኩል ርዝመት ይኖረዋል፤ ሜልት ከርቭም (ቁራጩ በስንት ዲግሪ እንደሚላቀቅ የሚያሳየው) አይለየውም። አንደኛው የስፕላይሲንጉ መገጣጠሚያ (ኢንትሮኑ ወጥቶ ጫፎቹ የሚጋጠሙበት) ላይ ይረፍ።

ጂን ቆጣሪ፦ አርኤንኤ ተገኘ ማለት ፕሮቲን ተሠራ ማለትም አይደለም። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የሚያሳየው ምርመራ) ላይ ሙሉው 73 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወጣል፤ ሲቆረጥ 50 እና 24። ፒኤንጌዝ ኤፍ የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲኑ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ሲያነሳለት ባንዱ ካልወረደ ፀረ እንግዳ አካልሽ ሌላ ነገር ይዟል።

ጠያቂዋ፦ ቱቦው 37 ላይ ገብቷል።

ሠናይት ላብ፦ ሴሎችሽ ምንድን ናቸው? ቢዎ (የእንግዴ ልጅ ካንሰር ሴሎች) ከሆኑ ፎርስኮሊን (እንዲዋሃዱ የሚገፋፋቸውን ኬሚካል) ሰጥተሻቸዋል?