ሥዕል ያለበት ጥያቄ ለዓይነ ስውር ተማሪ ይቅር ወይስ ይቀየር?

ሒሳበኛው፦ ይቅር ባይ ነኝ። ሥዕሉን ለማያይ ልጅ ጥያቄው ይሰረዝና ውጤቱ ከቀሩት ይሰላ። ማን ይጎዳል?

ፈተና አዘጋጅ፦ ልጁ ነዋ! ከ40 ጥያቄ 8ቱን ብታወጣ የአንዱ ጥያቄ ዋጋ ከ100 ሲታሰብ ከ2.5 ወደ 3.125 ይወጣል፤ አንድ ስሕተት ከጓደኛው ይልቅ እሱን ያስከፍለዋል። የሚሰረዙት ደግሞ ያው ጂኦሜትሪና ግራፍ ናቸው።

ሒሳበኛው፦ እሺ፣ በቃል ይገለጽ። ገለጻው መልሱን ቢያወጣስ?

የብሬል መምህርት፦ ጥያቄው ምን እንደሚለካ ቀድሞ መለየት ነው። «ሦስት ማዕዘን ሀለመ፤ ማዕዘን ለ 90 ዲግሪ፤ ሀለ 6 ሴ.ሜ፤ ለመ 8 ሴ.ሜ። ሀመ ስንት ነው?» እዚህ ላይ ሥዕሉ ቢቀር የጎደለ ነገር የለም። የሚለካው ግራፍ ማንበብ ከሆነ ግን «መስመሩ 3 ላይ ደርሶ ይወርዳል» ማለት መልሱን ማቀበል ነው፤ የሚዳሰስ ግራፍ የግድ ይላል። ማሽን ከሌለ ወፍራም ወረቀት ላይ ክር በሙጫ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው መጨናነቅ ነው፦ በመስመሮች መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ካልተተወ ጣት አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። የብሬል ፊደል ደግሞ እንደ ኅትመት አሳንሰው የሚጽፉት አይደለም፤ ስለዚህ ግራፉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ይቀመጥና ፍቺው በሌላ ገጽ ይጻፍ። የፍርግርጉ ክር ከዋናው መስመር ይቅጠን፤ ካልሆነ ይተው።

ሒሳበኛው፦ ይህ ሁሉ ከሚለፋ አንባቢ አይመደብም?

ፈተና አዘጋጅ፦ «ሁለት ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር አንድ» ብሎ ቢያነብ አንዱ የሚደመረው ከኤክስ ጋር ነው ወይስ ከተካፈለ በኋላ? ኤክስ 1 ከሆነ በአንዱ መልሱ 1፣ በሌላው 3 ነው። «ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ» የሚለው ሳይቀር ቀድሞ ተጽፎ ይሰጠው እንጂ ለአንባቢው አይተው።

ሒሳበኛው፦ ተጨማሪ ሰዓቱን ግን አልቀበልም። ፍጥነትም ችሎታ ነው።

የብሬል መምህርት፦ የጽሕፈት ፍጥነት የሒሳብ ችሎታ ሆነ እንዴ? በስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ፣ የሚሠራ ልጅ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ነው የሚጽፈው፤ የሠራውን ሒሳብ ለማየት ወረቀቱን አውጥቶ ይገለብጣል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥማል። ለ2 ሰዓት ፈተና 1 ሰዓት ቢጨመር ምን ያስቆጣል?

ሒሳበኛው፦ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚህ አላልፍም። ለመሆኑ የክሩን ግራፍ ማን ያጸድቀዋል? አዘጋጁ በዓይኑ አይቶ?

የብሬል መምህርት፦ በዓይንማ ሁሉም ያምራል። ፈተናው የማይመለከተው ብሬል አንባቢ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሞ በጣቱ ይሞክረው፤ የተሳሳተበት ግራፍ ከመባዛቱ በፊት ይስተካከላል።