አስቸኳይ፦ የእጩዋ የአቋም ወረቀት ፊደሉ ተበላሽቶብኛል፤ ነገ ማታ ይታደላል

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ማታ በ12 ሰዓት ለሜሪላንድ ምክር ቤት የሚወዳደሩ አንዲት እጩ ወደ ማኅበራችን አዳራሽ ይመጣሉ። አቋማቸውን በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጅተን ነበር። አሁን የምጽፍላችሁ ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቷል። 150 ቅጂ ያስፈልገኛል፤ ቤቱ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋል። እባካችሁ ምን ላድርግ? እግረ መንገዳችሁን ጽሑፉንም እዩልኝ፦ «ለልዑክነት የሚወዳደሩት እጩ 1ኛ፣ የቤት ኪራይን ያረጋጋሉ። 2ኛ፣ በፐርፕል ላይን ባቡር መስመር ግንባታ ለተጎዱ ሱቆች ካሳ እንዲከፈል ይታገላሉ። 3ኛ፣ የጆርጂያ አቬኑን መሻገሪያ ያስተካክላሉ።»

ሰሎሜ22
ኒያላ የሚባለውን ፎንት ጫኚበት፤ ወዲያው ይስተካከላል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ከፎንቱ በፊት ቃሉ ይስተካከል። ልዑክ የተላከበትን አድርሶ የሚመለስ ሰው ነው። ሕዝብ መርጦት በሕዝብ ስም ሕግ የሚያወጣው «እንደራሴ» ነው፤ እንደ እኔ ሆነህ ተናገርልኝ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ቃል እያለን ለምን እንዋሳለን? ሁለተኛም፣ ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ወረዳዎች የተከፈለች ናት። የተወካዮች ምክር ቤቱ 141 ወንበር አለው፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ ሦስት ሦስት ማለት ነው። የእኛ 20ኛው ወረዳ መራጭ እስከ ሦስት ሰው ድረስ መምረጥ ይችላል። ወረቀቱ አንድ ወንበር ብቻ ያለ ያስመስላል። አዛውንቱ አንድ ስም ላይ ምልክት አድርገው የቀረውን መብታቸውን ሳይጠቀሙበት ይመለሳሉ። ምክር ቤቱ በዓመት የሚሰበሰበው ከጥር ጀምሮ ለ90 ቀናት ብቻ መሆኑም ይጻፍ፤ ሰው መቼ ደውሎ መጠየቅ እንዳለበት ይወቅ።

ሀገሬ_ልጅ
ኒያላ ጫኚ እህቴ። እኔም ላይ እንዲሁ ሆኖ የዳንኩት በኒያላ ነው።

ተከራይ ከዊተን
እኔ ግን 1ኛውን ነጥብ አልቀበለውም። የኪራይ ጭማሪ ገደብ የክልሉ እንደራሴ ሥራ አይደለም። ሕጉን በ2023 ያወጣው በክልሉ ሥር ያለው የእኛ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይሠራል። ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ በላይ 3 በመቶ ነው፤ ቢበዛ ግን ከ6 በመቶ አያልፍም። 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ደግሞ በገደቡ አይያዝም። የምኖርበት ሕንፃ አዲስ ስለሆነ እኔን አልጠቀመኝም፤ የጭማሪው ደብዳቤ በር ሥር ሲገባ ከልጆቼ ደብቄ ነው ያነበብኩት። እጩዋን መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው። አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ውል አላድስም እንዳይል ካውንቲዎች ሕግ ማውጣት እንዲችሉ የሚፈቅድ ረቂቅ በ2024 በክልሉ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ለክልሉ ምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ያ በእርግጥ የእርሳቸው ወንበር ጉዳይ ነው። «ተመልሶ ቢቀርብ ድምፅዎን ይሰጣሉ ወይ?» ተብለው አዎ ወይም አይደለም ይበሉ። «አረጋጋለሁ» ማለት ምንም አያስይዝም።

ጠያቂ
ኒያላ ተጭኗል፤ ምንም ለውጥ የለም። የኪራዩን ነጥብ የጻፍነው እጩዋ ራሳቸው በላኩት መሠረት ነው።

ተከራይ ከዊተን
እንግዲያው እርሳቸውም በደንብ ይጠየቁ።

ባለሱቅ፣ ቦኒፋንት ጎዳና
2ኛው ነጥብ ላይ ቃል ጨምሩልኝ። ፐርፕል ላይን የክልሉ ሥራ ነው፤ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ አለው። በ2017 ተጀምሮ በ2022 ያልቃል ተብለን ነበር። በሬ ፊት ለፊት አጥር ቆሞ ደንበኛ ሱቁ የተዘጋ እየመሰለው ሲመለስ በመስኮት ስንት ጊዜ አይቻለሁ! በእንጀራ ሰዓት ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ የዋልኩበት ቀን አለ። «ካሳ» ብቻ አትበሉ። ለማን፣ በምን ማስረጃ፣ የየትኛውን ዓመት ኪሳራ? የሽያጭ መዝገቤን ይዤ እመጣለሁ፤ ሌሎቹም ባለሱቆች ይዘው ይምጡ።

የአውቶቡስ ሾፌር
3ኛው አንደኛ መሆን ነበረበት። ጆርጂያ አቬኑ የክልል መንገድ ነው፣ ቁጥር 97። መብራቱን የሚወስነው የክልሉ የመንገድ አስተዳደር ስለሆነ ካውንቲውን ብንለምነው ወደዚያው ይመራናል። ከመሪው ጀርባ ሆኜ በየቀኑ አያለሁ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ገና መሐል ሳይደርሱ ቆጣሪው ያልቃል። ጎረምሳ ሮጦ ይደርስ ይሆናል፤ እናቶቻችን ግን ለሩጫ አልተፈጠሩም። የመሻገሪያው ሰከንድ እንዲጨመር ጠይቁልን።

ፊደል ለቃሚ
እህቴ፣ አንድ ነገር ሳትነግሪን ነው መልስ የምንሰጥሽ። የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው ወይስ የላቲን ፊደል? ሳጥን ከሆነ ፎንት ነው የጎደለው፣ ኒያላም ይፈታዋል። የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ አሮጌ ፕሮግራም ነው። ያ ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ፣ ስላልሆነ ሺህ ጊዜ ኒያላ ብትጭኚ አይነበብም።

ጠያቂ
የላቲን ፊደል ነው! የጻፉልን አንድ አባት ናቸው፤ ኮምፒውተራቸው በጣም የቆየ ነው።

ፊደል ለቃሚ
ተገኘ። ደውይላቸው። እዚያው በተጻፈበት ኮምፒውተር ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩልሽ፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚገባ የትም ይታተማል። ፒዲኤፍ ማውጣት ካልቻሉ እዚያው አትመው በስልክ አጥርተው ያንሱት። ወይም ስልክሽ አማርኛ ስለሚጽፍ ሦስት ነጥብ ነው፣ እንደገና ጻፊው። የሾፌሩንና የተከራይዋንም እርማት ያን ጊዜ ታስገቢያለሽ።

ሰሎሜ22
ይቅርታ፣ እኔ ሳጥን መስሎኝ ነው።

የማኅበር ገንዘብ ያዥ የነበረ
ሳይታተም በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለእጩ መወገን አይችልም፤ ሕጉ ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ «ማኅበሩ ማንንም እጩ አይደግፍም» የሚል መስመር ከታች ይግባ። ለሌሎቹም እጩዎች ያው መድረክ፣ ያው ሰዓት ይሰጣቸው። ለዓመታት የለፋንበትን ማኅበር በአንድ ወረቀት አናስጠይቀው።

ጠያቂ
እሺ። አባ ስልክ አያነሱም፤ በስልኬ እየጻፍኩት ነው። «እንደራሴ» አድርጌዋለሁ፣ ሦስት ወንበር መሆኑንም አስገብቻለሁ። መሻገሪያው 1ኛ ሆኗል።

ልጅ ከታኮማ ፓርክ
እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ መምጣት ትችላለች? አባቴ ዜጋ ነው፣ እንግሊዝኛ ግን አያነብም።

ጡረተኛው መምህር
ትምጣ እንጂ! ለመጠየቅ ዜግነት አያስፈልግም። ለክልሉ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥ ግን ዜጋ ብቻ ነው። በእናንተ ከተማ በታኮማ ፓርክ ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ከ1992 ጀምሮ በከተማው ምርጫ ይመርጣል፤ ተመዝግባ እንደሆነ ጠይቃት። አባትህ ማንበብ ካልቻሉ የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው መርጠው ይዘው መግባት በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መብታቸው ነው፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ብቻ አይሁን። አንተ ግባላቸው።

ልጅ ከታኮማ ፓርክ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለቱንም ይዣቸው እመጣለሁ። ጠያቂዋ፣ አዳራሹ ግን የት ነው? አድራሻው አልተጻፈም፤ ወረቀቱም ላይ የለም።