ተንኮለኛ ግን የማያጣላ የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

እኛ ጓደኛሞች በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ከእራት በኋላ ቡና ይፈላል። ከዚያ የጠቅላላ እውቀት ጥያቄና መልስ እንጫወታለን። ጠያቂው በየወሩ ይቀያየራል። ሳቁ፣ ጩኸቱ፣ "ቆይ ቆይ፣ አፌ ላይ ነው ያለው!" የሚለው ሁሉ ደስ ይላል። በጣም የምወደው ምሽት ነው።

አሁን አሁን ግን ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ እያደላ ነው። ባለፈው "በኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ማን ናት?" ተብሎ ተጠየቀ። ጠያቂው መልሱ ደራርቱ ቱሉ ናት አለ። አንዷ ጓደኛችን "ኧረ ሞሮኳዊቷ ናት" ብላ ስልኳን አወጣች። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ወገነ። ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ሌላም አለ። አንዱ ጓደኛችን በጣም ያነባል። ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ሌሎቹ ዝም ብለው ማየት ጀምረዋል። ማንም እንዲሸማቀቅ ወይም እንዲቀር አልፈልግም።

የሚቀጥለው ወር ጠያቂ እኔ ነኝ። ሰውን የሚያስት፣ ግን መልሱ ሲነገር ማንንም የማያስኮርፍ ጥያቄ እንዴት ላዘጋጅ? ከነምሳሌው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ክርክር እንፍታው።

በኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዎቹ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1952፣ ቦታው ሄልሲንኪ። ኤስተር ብራንድ በከፍታ ዝላይ፣ ጆአን ሃሪሰን በዋና። ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተወከል በ1984 በሎስ አንጀለስ 400 ሜትር መሰናክል አሸነፈች። የመጀመሪያዋ አረብ ሴት ባለወርቅ እሷ ናት። ደራርቱ ደግሞ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች።

አየሽ፣ ጓደኞችሽ ሁሉ የያዙት እውነት ነበራቸው። የጎደለው ጥያቄው ነው። "ጥቁር" የምትል አንዲት ቃል ብትገባ ክርክሩ አይነሳም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄ ጽፈሽ ስትጨርሺ "አንድ አዋቂ ሰው በምን ይሞግተኛል?" ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። "ከዓለም ዋና ከተሞች ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለችው ማን ናት?" የሚለውን እንውሰድ። አንዱ ላ ፓዝ ይላል። ሌላው "የቦሊቪያ ሕጋዊ ዋና ከተማ ሱክሬ ናት፤ ላ ፓዝ የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ናት፤ መልሱ ኪቶ ነው" ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይህ ጥያቄ ወይ ይታረም፣ ወይ ይጣል። "ከአፍሪካ ዋና ከተሞች" ብትይው ግን ንጹሕ ነው። አዲስ አበባ ናት።

ከፍታ ካነሳን የራስ ዳሸንንም ልንገርሽ። በድሮ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይላል። አሁን በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው። ቁጥሩን ከጠየቅሽ ሁለት ትውልድ ይጣላብሻል።

ዓመተ ምሕረት ስትጠይቂ ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ዓድዋ ለአንዱ 1888 ነው፣ ለሌላው 1896። እኔ ከምወዳቸው አንዱ ይኸው ነው፦ "የዓድዋ ድል፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በአቴንስ፣ የብሪታንያና የዛንዚባር የ38 ደቂቃ ያህል ጦርነት። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?" መልሱ ሁሉም የሆኑት በአንድ ዓመት ነው። በአውሮፓውያኑ 1896፣ በእኛም 1888። ጦርነቱ የተደረገው በኦገስት መጨረሻ ስለሆነ የእኛ አዲስ ዓመት አልገባም ነበር። ሦስቱን ለየብቻ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። አንድ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ግን ጥቂት ነው። መልሱ ሲነገር ቤቱ ውስጥ የሚሰማውን "እ-እ-እ!" ትሰሚዋለሽ።

መልስ፦ ኳስ ተመልካች

መምህር እናመሰግናለን። እኔ ስለ ስፖርቱ ልጨምር።

እህቴ፣ ሰው የሚወደው የሚያውቀው ነገር ውስጥ ያልጠበቀውን ሲያገኝ ነው። ይህችን ሞክሪያት፦ "ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ፣ አንድም ጎል ሳታገባ የአፍሪካ ዋንጫ ሁለተኛ የወጣችው መቼ ነው?" መጀመሪያ ቀልድ ይመስላቸዋል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ፣ በመጀመሪያው ውድድር። ተፋላሚያችን ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በአፓርታይድ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። እኛ በቀጥታ ፍጻሜ ገባን። በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። ከዚያ አያይዘሽ "ስንት ዓመት ቆይተን ነው ግብፅን በፍጻሜ ያሸነፍናት?" በያቸው። በ1962፣ አዲስ አበባ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። አምስት ዓመት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። "አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ስንት ሰዓት ፈጀበት?" ዓይነት አትጠይቂ። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ነው፣ በ1960። ቶኪዮ ላይ በ1964 ጫማ ነበረው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ውሸቱን ራሱ ጠያቂው ያስገባበታል። ጓደኛ ጠያቂውን አምኖ ሲሳሳት ያናድደዋል፤ መብቱም ነው። ያንኑ እውቀት እንዲህ አድርጊው፦ "አበበ ካሸነፋቸው ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶኖች በስንቱ በባዶ እግሩ ሮጠ?" ብዙ ሰው "በሁለቱም" ይላል። ጥያቄው አልዋሸም። የተሳሳተው የራሳችን ግምት ነው። ልዩነቱ ይኼ ነው ለእኔ።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የቃል ወጥመድም የራሱ ደስታ አለው። "ሙሴ ከእያንዳንዱ እንስሳ ስንት ስንት ወደ መርከቡ አስገባ?" ስትላቸው ቤቱ በሙሉ "ሁለት ሁለት!" ይላል። መርከቡ የኖኅ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንኳን ይያዛል። "ከአሥራ ሁለቱ የፈረንጅ ወሮች 28 ቀን ያለው ስንቱ ነው?" ሁሉም። እኛ ቤት በዚህ የተኮረፈ የለም፤ እንዲያውም ሰው ይፈታታበታል።

መልስ፦ ኳስ ተመልካች

ወንድሜ፣ መሳቁንስ እኔም እስቃለሁ። ነጥብ አይያዝበት ነው የምለው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጣል አድርግ፣ ሰው ይሟሟቅ። ውጤት የሚወስነው ግን እውቀት ይሁን።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ

በዚህስ እስማማለሁ።

መልስ፦ ቡና ቁርስ

እህት ዓለም፣ ስለዚያ አንባቢ ጓደኛሽ ልበል። እሱ ላይ ማዕቀብ አትጣሉ። ብዙ ማወቁ ለሁላችሁም ጥሩ ነው። መቀየር ያለበት የምትጫወቱበት መንገድ ነው። እጅ የቀደመ ይመልስ ካላችሁ ሁልጊዜ ያው ሰው ይቀድማል። ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አድይ። ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። አንድ ደቂቃ ስጪ። ሁሉም ጽፎ በአንድ ጊዜ ይግለጥ። ያን ጊዜ ዝምተኛዋ ጓደኛሽ ስንት ነገር እንደምታውቅ ታያላችሁ። ሦስት ሦስት ሆኖ በዕጣ መቧደንም ጥሩ ነው፤ ባልና ሚስት ግን ለያያቸው።

ከዚያ የግምት ጥያቄ ጨምሪበት። በትክክል ማንም የማያውቀው፣ የቀረበ የሚያሸንፍበት። ለምሳሌ "ብርሃን ከፀሐይ ምድር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?" ወደ 500 ሰከንድ ነው፤ ስምንት ደቂቃ ከሃያ። አንባቢውም ሌላውም እኩል ይቆማሉ። "አዋቂና አራስ ልጅ ማን ብዙ አጥንት አለው?" የምትለውንም ውደጂልኝ። አዋቂ 206 አለው። አራስ ልጅ ወደ 300 ይጠጋል፤ ሲያድግ አንዳንዱ እየተጋጠመ አንድ ይሆናል። እናቶች ባሉበት ቤት ትልቅ ወሬ ይከፍታል።

ቅጣት ከፈለጋችሁ የራሳችን አለን። በእንቆቅልሽ መመለስ ያቃተው "አገር ስጠኝ" ይባል የለ? ያልመለሰው ቡድን አገር ይስጥ፤ ጠያቂዋ የተሰጣትን አገር ተቀብላ ትንሽ ትፎክርበት፣ ከዚያ መልሱን ትንገር። እኛ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጂማን እየተሰጣጣን ስንስቅ እናመሻለን። አገር የሰጠ ሰው ተሸነፍኩ ብሎ አያኮርፍም፤ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል።

ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይግባ። መልሶችሽን ቀድመሽ ሁለት ቦታ አረጋግጪ። ሙግት ከተነሳ የዚያን ማታ የጠያቂዋ ቃል ይጽና። ተሟጋቹ ማስረጃውን በሚቀጥለው ወር ይዞ ይምጣ፤ ልክ ከሆነ ነጥቡ ይመለስለት።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እኛ እዚህ ያለን ችግር ትንሽ ይለያል። ከእኛ ጋር የሚጫወቱ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆች አሉ። የዓድዋ ጥያቄ ሲመጣ እነሱ ዝም፣ የአሜሪካ ሲመጣ ወላጆች ዝም። መፍትሔ ያደረግነው በየቡድኑ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው ማቀላቀል ነው። ከዚያ ሁለቱንም የሚያስት እንፈልጋለን። "የሜሪላንድ ዋና ከተማ?" ሲባል ስንት ዓመት የኖረው አባት ባልቲሞር ይላል። አናፖሊስ ናት። የኒውዮርክ ግዛት ኦልባኒ ነው፣ የካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ።

ልጆቹም የሚሳሳቱበት አለ። "ብዙ ፒራሚድ ያለው አገር?" ግብፅ ይላሉ። ሱዳን ናት፤ ከ200 በላይ አሏት። ወላጆች ደግሞ የድሮ መልስ ይዘው ይቀራሉ። "በስፋት ከአፍሪካ አንደኛ?" ሲባል ሱዳን። እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ልክ ነበሩ። ደቡብ ሱዳን ከተለየች ወዲህ አልጄሪያ ናት። የናይጄሪያን ዋና ከተማም ሌጎስ የሚል አይጠፋም፤ ከ1991 ጀምሮ አቡጃ ናት። እህቴ፣ የተለወጠ እውቀት ጥሩ ወጥመድ ነው። የተሳሳተውም "እኛ ስንማርማ ልክ ነበር" ብሎ ክብሩን ይዞ ይወጣል። በክብር መሳት የሚባለው እንዲህ ነው።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ማታ

ጋሼ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን፣ ቅርጫቱን፣ አገር መስጠቱን ወስጃለሁ። ለጓደኞቼም ከአሁኑ ነገርኳቸው፤ ተስማምተዋል።

አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፤ እዩልኝ። "ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የት ነው?" እኛ ጋ ሁሉም ዳሎል እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። መልሱ ጅቡቲ ያለው አሳል ሐይቅ ነው። ይሄ ያጣላል ወይ?

ሌላው፣ ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው ከጨረሱ ምን ላድርግ? ጋሼ፣ አንድ ጠንከር ያለ ከእርስዎ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የአሳል ጥያቄ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ግን አብረሽ ያዢ፤ አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳሎል አካባቢ ደግሞ 125 ገደማ። ሰው ሲሞግት ሁለቱን ጎን ለጎን ታሳዪዋለሽ። "በየብስ ላይ" የሚል ቃል ጨምሪበት፤ አለበለዚያ አንዱ የውቅያኖስ ወለል ይዞ ይመጣብሻል።

ለእኩል ነጥብ ይህን ውሰጂ። "የዓድዋ ጦርነት በአውሮፓውያኑ የተደረገው ማርች 1 ነው። እኛ የካቲት 23ን ስናከብር በእነሱ ማርች 2 የሚሆነው ለምንድን ነው?" መልሱ 1900 ላይ ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በመቶ የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። 1900ም አልነበረውም። የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ያለማቋረጥ 6 ያደርጋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፋ። 2000 በ400 ስለሚካፈል አልተነካም። በ2100 እንደገና አንድ ቀን ይሰፋል፤ የዚያን ጊዜ የዓድዋ በዓል በእነሱ ማርች 3 ይውላል።

ለዚህ አምስት ደቂቃ ስጫቸው፤ ቡድኑ ይመካከር። ምክንያቱን በሙሉ ያልመለሰ ግን 1900ን የጠራ ቡድን ካለ ግማሽ ነጥብ ያግኝ። ሁለቱም ካቃታቸው አገር ይስጡሽ።