መምህርነት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው አልፌዋለሁ። አሁን ግን መወሰን አቅቶኛል።

የተማርኩት አፕላይድ ነው፤ የማስተማር ሙያ ትምህርት የለበትም። ሁለተኛ ደረጃ ላስተምር ካልኩ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የመምህርነት ዲፕሎማ) መማር ሊኖርብኝ ነው። በዚህ መሀል አጎቴ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የላብራቶሪ ሥራ አገኘልኝ። ደሞዙ ከጀማሪ መምህር ይሻላል። እናቴ «በመምህር ደሞዝ የቤት ኪራይ አይከፈልም» ትላለች። እውነቷን ነው። ከእኔ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ።

ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። ክረምቱን የጎረቤታችንን ልጅ ሳስጠና ነበር። «ሞል» የሚባለው ነገር አልገባ ብሏት ልታለቅስ ደረሰች። «አንድ ደርዘን እንቁላል ስንት ነው?» አልኳት። «12»። «ሞልም እንደ ደርዘን የቁጥር ስም ነው፤ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ።» እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻዋን ሠራች። የዚያን ቀን ደስታዬ እስካሁን አልለቀቀኝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል። እንደሷ የሚያስረዳቸው ያጡ ስንት ልጆች አሉ?

በመምህርነት ያላችሁ፣ ኑሮውን እንዴት ቻላችሁት? ፋብሪካ እየሠሩ ፒጂዲቲውን ጎን ለጎን መማር ይቻላል? ጀምራችሁ የተዋችሁትም ምክንያታችሁን ንገሩኝ። ለአጎቴ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ።