የሌሊት ፈረቃ፣ 6500 ኬልቪን ኤልኢዲ እና የደም ስኳር

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፈትል ፋብሪካ ነው፤ የሌሊቱ ፈረቃ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በየሳምንቱ የሚዞር። ፍሎረሰንቱ ወጥቶ 6500 ኬልቪን (ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ) ኤልኢዲ ገብቷል። በዓመታዊው ምርመራ የብዙ ሠራተኛ ስኳር ከፍ ብሏል። የመብራቱ ጦስ ነው? ብርቱካናማ መነጽር ማደልስ ያዋጣል?

መልስ 1፦
መነጽሩን ይተዉት። ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ሰማያዊ ቦቢን (የክር ማጠንጠኛ) ጥቁር፣ ቢጫው ነጭ ይመስላል። የክር ቁጥር (የክሩ ቅጥነት) በቦቢን ቀለም በሚለይበት ክፍል 20 ቁጥር ከ30 ተቀላቀለ ማለት ነው። ርካሽ ዲመርም አይግዙ። እሱ የሚያደበዝዘው መብራቱን ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ነው፤ ያኔ የሚሽከረከር ስፒንድል የቆመ ይመስልና እጅ ይገባበታል።

መጀመሪያ ይለኩ። ሉክስ ሜትሩን (የብርሃን መጠን መለኪያውን) ማሽኑ ላይ አጋድሞ ሳይሆን ሠራተኛው ዐይን አጠገብ፣ ፊቱ ወደሚያይበት አቁሞ። የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባው ዐይን ውስጥ የሚገባው፣ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ነው። በእኩል ሉክስ የ3000 ኬልቪን መብራት በዚህ በኩል ጫናው ከ6500ው ግማሽ ገደማ ነው። የማሽኑን ብርሃን ሳይነኩ መመገቢያውን፣ ልብስ መቀየሪያውንና ኮሪደሩን ወደ 3000 ይቀይሩ።

መልስ 2፦
እኔ ከመብራቱ ይልቅ የካንቲኑን ሰዓት ነው የምጠረጥረው። ቆሽት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሌሊት ኢንሱሊን የሚለቀው በስስት ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 19 ሰዎችን የሌሊት ሥራ አስመስሎ አሠራ፤ ሌሊት የበሉት ስኳራቸው 6.4 በመቶ ጨመረ፣ ቀን ብቻ የበሉት ላይ ጭማሪ አልታየም።

ዋናው ምግብ ሥራ ከመግባት በፊት፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ግድም ይበላ። ከሌሊቱ 6 እስከ 11 እንጀራ በወጥ አይቅረብ፤ ለራበው የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይበቃል። (ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በየሁለት ሰዓቱ እየቀረበ ስለ ኬልቪን መከራከር ከንቱ ነው።) ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ግን ሐኪሙ ሳያስተካክልለት ምግብ አይዝለል፤ ስኳሩ ማሽን ላይ እያለ ሊወርድበት ይችላል።

ጠያቂው፦
በጨለማ ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን፣ ሜላቶኒን፣ ኢንሱሊንን የሚቀንስ ከሆነና ብርሃን ሜላቶኒንን ካጠፋ፣ ደማቅ መብራት ሥር መብላቱ አይሻልም?

መልስ 2፦
አይሻልም። ሜላቶኒኑ ቢወርድም የቆሽት ሰዓት በአንድ ሌሊት አይዞርም። ሊለምድ ሲል ደግሞ ፈረቃው ይቀየራል።

መልስ 3፦
የቀን እንቅልፉን አትርሱ። ለመኝታ የሚመከረው ዐይን ዘንድ ከ1 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን ነው። ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ከመስኮቱ ፍሬም በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር አሳልፎ መስቀል፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈን። ጠዋት በሰርቪስ ተሳፍሮ የሚሄድ ጥቁር መነጽር ያድርግ፤ ሹፌሩና በእግሩ አስፋልት የሚሻገረው ግን አያድርጉ።

ለመሆኑ ደሙ የተወሰደው መቼ ነው? ሌሊት 10 ሰዓት ቆሎ የቃመ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ደም ቢሰጥ የጾም ምርመራ አይባልም፤ ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ያህል ምግብ አለመቅመስ ይጠይቃል። ለፈረቃ ሠራተኛ የሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ (HbA1c) የተባለው የደም ምርመራ ይሻላል፦ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ 6.5ና ከዚያ በላይ ስኳር። ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ግን ኤዋንሲም ያሳስታል፤ ለእሱ የእረፍት ቀኑን ጠብቃችሁ፣ ሌሊት ተኝቶ ሲነሳ በባዶ ሆዱ ለኩለት።